የሰማይ ተሳቢ፦ ከጦርነቱ ዘመን የጭነት ግላይደሮች የትኛውን እንሥራ?

አውሮፕላን በሚሠራበት ጨዋታ ውስጥ መጀመሪያ የሠራሁት ግላይደር ያማረ ነበር። ክንፉ ልክ ነው፣ ቀለሙ ልክ ነው፣ ጎኑ ላይ ያሉት ጥቁርና ነጭ መስመሮች ሳይቀሩ ልክ ናቸው። ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ስነካካው ከረምኩ። ከዚያ ጂፑን ሠርቼ ልጭን ስል በሩ አላስገባም አለ። የጎደለው አንድ ብሎክ ነው። ግን ያንን አንድ ብሎክ ለማስፋት ወለሉን፣ ጣሪያውን፣ ክንፉ የተሰካበትን ቦታ ሁሉ ማፍረስ ነበረብኝ። የቤቱን በር ሳይለካ አልጋ ገዝቶ እንደመጣ ሰው ቆሜ አየሁት።

ስለዚህ እዚህ የማወዳድራቸውን ግላይደሮች በውበት አልመዝናቸውም። ሁለት ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው፦ ምን ይጭናል? ጭነቱስ በየት በኩል ይወጣል? የሚያስለፋችሁም የሚያስደስታችሁም በአብዛኛው ከነዚህ ሁለት መልሶች ነው የሚመጣው።

ለማያውቅ ሰው፣ ግላይደር ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው። ሌላ አውሮፕላን በገመድ ይጎትተዋል፣ ቦታው ሲደርስ ገመዱን ይፈታል፣ ከዚያ ተንሸራቶ ያርፋል። በመንገዳችን ላይ የምናየውን የጭነት መኪና ተሳቢ አስቡት። ልዩነቱ ይሄኛው ተሳቢ መንገድ ላይ ተፈትቶ፣ ቀሪውን ብቻውን ሄዶ፣ ማሳ ውስጥ መቆም አለበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጂፕና መድፍ ከነወታደሩ አንድ ቦታ ላይ ለማሳረፍ ጥሩ ዘዴ ነበር። ብዙዎቹ አንዴ አርፈው እዚያው ማሳው ላይ ቀርተዋል። (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በየትኛው ጨዋታ?

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ያላችሁ ስልክ ብቻ ከሆነ ሲምፕል ፕሌንስ ነው። ስልክ ላይም ኮምፒውተር ላይም ይሠራል፣ አንዴ ከተጫነ ለመሥራትና ለመብረር ኢንተርኔት አይፈልግም። አካሉን እንደ ሊጥ ትለጥጡታላችሁ፣ ክንፉንም በፈለጋችሁት ልክ ታረዝሙታላችሁ። ችግሩ ገመድ ነው፤ እንደ እውነተኛው በገመድ መጎተት የለም። መላው ግን አለ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኮምፒውተር ካላችሁና ጓደኛ ካለ ስቶርምወርክስ ይሻላል። እዚያ ገመድና ዊንች (ገመድ መጠቅለያ) አለ። ጎታቹን አንዱ ያበራል፣ ግላይደሩን ሌላው ይይዛል። ጂፑ ራሱን የቻለ መኪና ስለሆነ በእውነት ነድታችሁ ታስገቡታላችሁ፣ ነድታችሁ ታስወጡታላችሁ። ግን ሁሉም ነገር የሚሠራው በብሎክ ነው፣ የአንዱ ብሎክ ስፋት 25 ሴንቲ ሜትር ነው። ሃንጋሩ (የምትሠሩበት አዳራሽ) የሚፈቅደው ስፋትም የተወሰነ ነው። ይህ ሁለተኛው ነገር ትልልቆቹ ላይ ሲደርስ ጣጣ ያመጣል።

ትሬይልሜከርስ ደግሞ ኮንሶል ላለው ሰው ጥሩ መጫወቻ ነው። ከሁሉ ቀላሉ እሱ ነው። ሆኖም በውስብስብነት ላይ ጣሪያ ስላለው ባለሙሉ ልክ ግላይደር ከመሥራት ይልቅ አጠር ያለ ሞዴል መሥራቱ ያዋጣል።

ከዚህ በታች የምጽፈው በብዛት ሲምፕል ፕሌንስን እያሰብኩ ነው። ልኮቹ ግን ለሁሉም ይሆናሉ።

አንድ ቁጥር ከሁሉ በፊት

ንድፉን ስታዩ ሁላችሁም መጀመሪያ የምታዩት የክንፉን ርዝመት ነው። እሱን ተዉት። የሚጠቅመው ቁጥር በአንድ ካሬ ሜትር ክንፍ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚያርፍ ነው። ጠቅላላውን ክብደት ለክንፉ ስፋት ማካፈል ብቻ ነው። ሲምፕል ፕሌንስ ራሱ አስልቶ ያሳያችኋል።

ይህ ቁጥር በምን ፍጥነት እንደምታርፉ ይነግራችኋል። ቁጥሩ 4 እጥፍ ቢሆን የማረፊያ ፍጥነቱ 2 እጥፍ ይሆናል። ሞተር ያለው አውሮፕላን በፍጥነት ቢመጣ ሞተሩን ሰጥቶ ተመልሶ ይነሳል። ግላይደር ሁለተኛ ዕድል የለውም። ፈጥኖ ከመጣ ፈጥኖ ነው የሚያርፈው፣ አጥሩ ላይም ቢሆን።

ሙሉ ጭነት ይዘው ሲነሱ በግምት እንዲህ ናቸው። አሜሪካዊው ዋኮ ሲጂ-4ኤ 41 ኪሎ። ጀርመናዊው ዲኤፍኤስ 230 ወደ 51። የእንግሊዞቹ ሆርሳ ወደ 69፣ ሃሚልካር ደግሞ 106። ግዙፉ የጀርመን ሜሰርሽሚት 321 ወደ 115። ሃሚልካርን ከዋኮ ስታወዳድሩት ቁጥሩ 2.6 እጥፍ ነው፤ የማረፊያ ፍጥነቱም ወደ 1.6 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ዋኮ በ100 የሚያርፍ ቢሆን ሃሚልካር በ160 ይመጣል።

ጀማሪ ከሆናችሁ እዚህ ላይ አቁማችሁ ዋኮን መምረጥ ትችላላችሁ። አትሳሳቱም።

ዲኤፍኤስ 230፦ ለመማሪያ

ትንሿ ናት። ክንፏ 22 ሜትር፣ ርዝመቷ 11 ሜትር ከጥቂት፣ ባዶዋን 860 ኪሎ ብቻ። አብራሪውን ጨምሮ 10 ሰው ትይዛለች፣ ሚኒባስ ሳይሞላ ሲነሳ እንደማለት ነው። ግንቦት 10 ቀን 1940 ቤልጅየም ውስጥ ያለውን የኤበን ኤማኤል ምሽግ ጣሪያ ላይ ያረፉት እነዚህ ናቸው። የሚጎትቷቸው ዩ 52 አውሮፕላኖች ነበሩ።

ተሽከርካሪ አትጭንም፤ ስለዚህ ከኔ ሁለት ጥያቄዎች አንዱ እንኳ እሷ ጋ አይሠራም። በር፣ መወጣጫ፣ ማጠፊያ የሚባል ራስ ምታት የለባትም። ለዚህ ነው ለመጀመሪያ ልምምድ ጥሩ የምትሆነው። አንድ የምወደው ነገር ግን አላት፦ ጎማዋን ከተነሳች በኋላ ትጥላለች፣ የምታርፈው ከሆዷ ሥር ባለ መንሸራተቻ ነው። ምሽጉ ላይ ቶሎ እንድትቆም መንሸራተቻው ላይ እሾሃማ ሽቦ ጠምጥመውበት ነበር። በጨዋታው ጎማውን በዲታቸር (ቁልፍ ሲጫኑ የያዘውን በሚለቅ ቁራጭ) አስራችሁ ከተነሳችሁ በኋላ ጣሉት። ሲወድቅ ማየት በራሱ ደስ ይላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሥሩባት፣ ከዚያ ወደ ቁምነገሩ እለፉ።

ዋኮ፦ አፍንጫው የሚከፈተው

ክንፉ 25.5 ሜትር፣ ርዝመቱ 15 ሜትር ገደማ። ባዶውን ወደ 1,770 ኪሎ ይመዝናል፣ ሙሉ ሲሆን 3,400 ይደርሳል። አካሉ ከብረት ቱቦ የተበየደ ነው፣ ወለሉ ኮምፔንሳቶ፣ ላዩ ሸራ። ከሁለቱ አብራሪዎች ሌላ 13 ወታደር ይጭናል፣ ወይም አንድ ጂፕ፣ ወይም 75 ሚሊ ሜትር መድፍ። ከ13,900 በላይ ተሠርቷል። አውሮፕላን ሠርተው የማያውቁ ፋብሪካዎች ሳይቀሩ ገብተውበታል፤ ከሁሉ ብዙ የሠራው ፎርድ ነው።

ይህ መስፋፋት መጥፎ ቀንም ነበረው። ነሐሴ 1 ቀን 1943 ሴንት ሉዊስ ከተማ ላይ ሕዝብ እያየ አንዱ ዋኮ ክንፉ ተገንጥሎ ወደቀ፣ የከተማዋ ከንቲባ ዊልያም ዲ ቤከርን ጨምሮ 10 ሰው ሞተ። ጥፋቱ የክንፉን ደጋፊ ዘንግ ከሚይዘው ትንሽ ብረት ነበር። ያንን ብረት የሠራው ፋብሪካ ከጦርነቱ በፊት የሬሳ ሣጥን ይሠራ ነበር። ይህን የምነግራችሁ በጨዋታው ውስጥ ዋኮን የሚሠሩ ሰዎች ያንን ዘንግ ለጌጥ ብቻ ስለሚያስቀምጡት ነው። መገጣጠሚያ በሚላወስበት ጨዋታ ውስጥ ዘንጉን ከክንፉም ከአካሉም ጋር አያይዙት። ረጅም ክንፍ በአንድ ነጥብ ብቻ ከተያዘ እንደ አሞራ ያጨበጭባል።

አሁን ወደ በሩ። የዋኮ አፍንጫ ከነአብራሪዎቹ ክፍል ወደ ላይ ይታጠፋል። ጂፑ ቀጥታ ወደ ፊት ነው የሚወጣው። ደስ የሚለው ግን ይህ አይደለም። ጂፑ በገመድና በፑሊ ከአፍንጫው ጋር ይታሰር ነበር። ወደ ፊት ሲንቀሳቀስ አፍንጫውን ራሱ ያነሳዋል። ግላይደሩ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ ጂፑ ወደ ፊት ቢወረወር እንኳ አፍንጫው ከነአብራሪዎቹ ወደ ላይ ይነሳል፣ ጂፑ ከሥራቸው ያልፋል። እንዲህ ያለ ነገር ያሰበ ሰው መቼም አብራሪ ወንድም ነበረው ብዬ እገምታለሁ።

በጨዋታው ይህንን አፍንጫ መሥራት ግን ልብ ያደርቃል። ኮክፒቱ ማጠፊያው ላይ ስለተሰቀለ በሩን ስትከፍቱ ካሜራችሁ ሰማይ ያያል። የኔ መላ ይኸውላችሁ፦ ዋናውን ኮክፒት ትንሽ አድርጋችሁ ወለሉ ውስጥ ቅበሩት፣ የሚንቀሳቀሰው አካል ላይ ሳይሆን የማይንቀሳቀሰው ላይ። አፍንጫው ላይ ያለው መስታወትና ወንበር ለዓይን ብቻ ይሁን። ማጠፊያውን ለአንድ አክቲቬሽን ግሩፕ (በጨዋታው ውስጥ ላለ ማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍ) ስጡት፣ ፍጥነቱን ቀንሱት። ቶሎ ከተከፈተ አውሮፕላኑ ራሱ ይዘላል።

ጂፑ ስፋቱ 1.57 ሜትር ነው። በስቶርምወርክስ ይህ ከ6 ብሎክ በላይ ስለሆነ 7 ይዛችሁ አስቡ፣ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ጨምሩ፣ የውስጡ ወለል 9 ይሁን። እኔ 7 አድርጌ ነው የተጠበስኩት።

የዋኮ ጎታች ሲ-47 ነበር። ይህን አውሮፕላን የኛ ሰው ያውቀዋል፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ሥራ የጀመረው በእነዚሁ በሲ-47ቶች ነው። ጎታቹንም ልሥራ የሚል ካለ እንግዲህ የቤተሰብ ፎቶ እንደመሥራት ነው።

ሆርሳ፦ ቆንጆው ግን ገገማው

ሆርሳን በፎቶ ያየ ሁሉ ሆርሳን ነው መሥራት የሚፈልገው። ረጅም ክብ አካል፣ 26.8 ሜትር ክንፍ፣ 20.4 ሜትር ርዝመት፣ ሁሉም በእንጨት። የቤት ዕቃ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ናቸው አካሉን የሠሩት። 25 እና ከዚያ በላይ ወታደር ይጭናል፣ የኛ ቅጥቅጥ ማለት ነው። ወይም ጂፕ ከነመድፉ።

ታሪኩም ያምራል። ሰኔ 6 ቀን 1944፣ ገና ከእኩለ ሌሊት 16 ደቂቃ ሲያልፍ፣ ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ ውስጥ ካለ የቦይ ድልድይ አጠገብ የመጀመሪያዋ ሆርሳ አረፈች። አብራሪው ጂም ዎልዎርክ በጨለማ፣ ያለ ሞተር፣ ከድልድዩ 43 ሜትር ገደማ ላይ አቆማት። በሜጀር ጆን ሃዋርድ የሚመራው ጦር በ6 ሆርሳ ነበር የሄደው። 5ቱ ዒላማቸው አጠገብ አረፉ፤ ስድስተኛዋ ሌላ ወንዝ ላይ ያለ ሌላ ድልድይ ጋ ሄዳ አረፈች። በጨዋታ ውስጥ፣ በቀን፣ ነጥብ እያየሁ፣ እኔ 200 ሜትር ላይ ካቆምኩ ራሴን አደንቃለሁ።

አሁን ችግሩ። የሆርሳ የመጀመሪያው ሞዴል ትልቅ በር በግራ ጎኑ ነው፣ ከፊት በኩል። ጂፕ በጎን ገብቶ መዞር አለበት። ጠባብ ግቢ ውስጥ መኪና ማዞር የሞከረ ሰው ይገባዋል። ለማውረድ ሌላው መንገድ ጭራውን ሙሉ በሙሉ ከአካሉ መለየት ነው። መጀመሪያ በፈንጂ ነበር የሚቆርጡት፣ በኋላ ቶሎ በሚፈታ ብሎን ሆነ። ሁለተኛው ሞዴል ላይ ግን አፍንጫው በማጠፊያ እንዲከፈት አደረጉት።

በጨዋታው ሦስቱንም ሞክሬያለሁ። የጎኑ በር ውጤቱ ለፎቶ ብቻ ነው፤ ጂፑን ሳላጋጭ አስገብቼ አላውቅም። ጭራውን መለየት ግን በሲምፕል ፕሌንስ ከሁሉ ቀላሉ ሆኖ አገኘሁት። በአካሉና በጭራው መካከል አንድ ዲታቸር ብቻ ነው። ካረፋችሁ በኋላ ትጫኑታላችሁ፣ ጭራው ይወድቃል፣ አለቀ። ማጠፊያ የለ፣ መላወስ የለ። እውነተኞቹን ሰዎች ያስለፋው ነገር ለኛ በአንድ ቁልፍ ያልቃል። ብቸኛው ማስጠንቀቂያ፦ ያንን ቁልፍ ከፍላፑ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ ወደ ታች ከሚታጠፈው ክፍል) ቁልፍ አጠገብ አታድርጉት። ለምን እንዳልኩ አልናገርም።

ፍላፕ ካልኩ አይቀር፣ የሆርሳ ፍላፕ እንደ ጎተራ በር ሰፊ ነው። አፍንጫችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ መሬት ብትደፉት እንኳ ፍጥነቱ እንዳይሸሽ ይይዘዋል። ከክንፉ ውስጠኛ ግማሽ በሙሉ ለፍላፕ ስጡ፣ ጨዋታው ማያ ላይ ባለው ቪቲኦኤል በሚባለው ተንሸራታች አንቀሳቅሱት። ጠባብ ፍላፕ ያደረገ ሆርሳ ማኮብኮቢያውን አልፎ ባሕር ይገባል።

ሃሚልካር፦ ታንክ ካልጫንኩ ለሚል

የኔ ምርጫ ይሄ ነው፤ ለጀማሪ አይመከርም።

ክንፉ 33.5 ሜትር፣ ባዶው 8.3 ቶን ገደማ፣ ሙሉው 16.3 ቶን። ወደ 8 ቶን የሚጠጋ ጭነት ይይዛል። ቴትራርክ የሚባለውን 7.6 ቶን ቀላል ታንክ እንዲጭን ነው የተሠራው። የመጀመሪያ በረራው መጋቢት 27 ቀን 1942 ነበር፣ በጦርነቱ ጊዜ የተሠሩት ጥቂት መቶ ብቻ ናቸው። የሚጎትተው ባለ አራት ሞተሩ ሃሊፋክስ ነው።

ጥሩው ነገር ቅርጹ ነው። ጭነቱ ከታች፣ አብራሪዎቹ ከላይ፣ ጣሪያው ላይ ተከታትለው ይቀመጣሉ። ስለዚህ አፍንጫው ወደ ጎን ሲከፈት ኮክፒቱ አይንቀሳቀስም። ዋኮ ላይ ያስለፋን ነገር እዚህ የለም። የአፍንጫው በር አንድ ማጠፊያ ነው፣ ቀላል ነው፣ ማንንም አይነካም። በጨዋታ ውስጥ በር ያለው ግላይደር ልሥራ ካላችሁ፣ ከበሩ ብቻ አንፃር፣ ከሁሉ የሚመቸው ሃሚልካር ነው። ይህን ማንም አይነግራችሁም፤ ሁሉም ትልቅ ነው ብሎ ይፈራዋል።

ሌላ ሁለት ነገር አለው። ታንኩ ሞተሩን የሚያስነሳው ገና አየር ላይ እያሉ ነበር፣ ጭሱ በቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። እንዳረፉ ታንኩ ወደ ፊት ሲንቀሳቀስ የበሩን ቁልፍ ራሱ ይፈታዋል። ማንም ወርዶ በር አይከፍትም። ሁለተኛው፣ የጎማው ንዝረት መምጠጫ ዘይቱ ሲለቀቅ አውሮፕላኑ በሆዱ ይተኛል። ወለሉ ዝቅ ስለሚል ታንኩ ረጅም መወጣጫ አይፈልግም። በጨዋታው ይህንን በፒስተን ሥሩት። ግመል ሲንበረከክ ይመስላል፤ አይቼ አልጠግበውም።

መጥፎው ነገር ሚዛኑ ነው። 8 ቶን ሲጫንና ሳይጫን ሁለት የተለያየ አውሮፕላን ነው። ሲምፕል ፕሌንስ ላይ ቀይዋ ኳስ የክብደቱ ማዕከል ናት፣ ሰማያዊዋ የክንፉ ማንሻ ኃይል ማዕከል። ቀይዋ ሁልጊዜ ከሰማያዊዋ ትንሽ ፊት መሆን አለባት። ብዙ ሰው ባዶውን አመጣጥኖ፣ ከዚያ ታንኩን ጨምሮ፣ ቀይዋ ኳስ ወደ ኋላ ስትሸሽ አያያትም። ሲነሳ ጭራው ይቀመጣል፣ አፍንጫው ይቆማል፣ ከዚያ መውደቅ ነው። ታንኩን መጀመሪያ አስቀምጡ። ክብደቱ ልክ ከክንፉ ሥር ይሁን። ያኔ ቢኖርም ባይኖርም ቀይዋ ኳስ ብዙ አትንቀሳቀስም። ታንኩን ለመሥራት ከሰነፋችሁ በአንድ አካል ብሎክ ላይ የሙት ክብደቱን ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ታንኩን በኋላ ትሠራላችሁ።

በነገራችን ላይ ሰኔ 6 ማታ ኖርማንዲ ካረፉት ቴትራርኮች በርከት ያሉት ብዙም አልሄዱም። ማሳው በተጣለ ፓራሹት ተሞልቶ ነበር፣ ገመዱ በሰንሰለታቸው ተጠመጠመ። ያ ሁሉ ልፋት በጨርቅ ተያዘ።

ጎታ እና ጊጋንት

ጎታ ጎ 242 መንታ ጭራ ያለው ጀርመናዊ ነው። የአካሉ ኋላ ወደ ላይ ይከፈታል፣ ትንሽ መኪና ከኋላ ይገባል። ዛሬ የምናያቸው የጭነት አውሮፕላኖች የኋላ በር ዘመድ ነው። ሁለቱ የጭራ ዘንጎች በሩን ስለማይነኩት ሐሳቡ ጎበዝ ነው። የሠራሁት አንዴ ነው፣ ሠራ፣ ረሳሁት። የኋላ መወጣጫ የሚወድ ሰው ይምረጠው።

ጊጋንት ግን ሌላ ነው። ሜሰርሽሚት 321። ክንፉ 55 ሜትር፣ ከቦይንግ 767 ክንፍ በላይ፤ ያውም በ1941 የበረረ፣ ያውም ያለ ሞተር። ባዶው 12.4 ቶን ሲሆን ወደ 22 ቶን ይጭናል። ከራሱ በላይ ተሸካሚ ነው፣ እንደ ጉንዳን። ያንን ቁጥር አስታውሱ፦ ባዶው ጊጋንት በካሬ ሜትር 41 ኪሎ ነው፣ ልክ ሙሉ እንደተጫነ ዋኮ። ሲጫን 115 ይደርሳል። ስለዚህ ባዶውን አብርራችሁ "በጣም ቀላል ነው" ካላችሁ ገና ምንም አላያችሁም።

የሚጎትተው አንድ አውሮፕላን አልበቃም። ሦስት ሜሰርሽሚት 110 በአንድ ላይ ጎተቱት። አደገኛ ስለነበር ሁለት ሄንክል 111 ጎን ለጎን ገጣጥመው፣ መሃል ላይ አምስተኛ ሞተር ጨምረው ሌላ ጎታች ሠሩለት። መጨረሻ ላይ 6 ሞተር ራሱ ላይ ሰክተውለት ሜሰርሽሚት 323 ሆነ። ያኔ ግላይደርነቱ ቀረ።

በጨዋታው እንዳትጀምሩት። በስቶርምወርክስ ክንፉ 220 ብሎክ ነው፣ የዋኮ 102 ነው። በሲምፕል ፕሌንስ ደግሞ ያን ያህል ክንፍ መገጣጠሚያው ላይ ይላወሳል፣ ስልካችሁም ይግላል። ከሃሚልካር በኋላ፣ ክረምት ላይ፣ ጊዜ የተረፈው ሰው ይሞክረው። እኔ ግማሽ ላይ ቆሞ አለኝ፤ አፍንጫው ብቻ በሁለት ተካፍሎ ግራና ቀኝ ሲከፈት አምሮበታል።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የሚያስቅ ከፈለጋችሁ ሶቪየቶች በ1942 ቲ-60 ታንክ ላይ ራሱ ክንፍ ሰክተው አብርረዋል። በር ምን ያደርጋል ብለው ነው መሰለኝ።

እንዴት ይነሳል?

ስቶርምወርክስ ላይ ገመድ ስላለ ትጎትታላችሁ፣ ገመዱን ረጅም አድርጉት። የዋኮ ገመድ ከ100 ሜትር በላይ ነበር፣ ለምክንያት ነው። አጭር ገመድ ጎታቹ ሲወዛወዝ እናንተንም ያወዛውዛል። ከጎታቹ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ብረሩ።

ሲምፕል ፕሌንስ ላይ ሁለት መላ አለ። አንዱ፣ አፍንጫው ላይ ወይም ጀርባው ላይ ሞተር በዲታቸር መስካት፣ ከፍታ ሲደርሱ መጣል። ሞተሩ ሲወድቅ ቀይዋ ኳስ እንደምትንቀሳቀስ አትርሱ። ጀርባው ላይ፣ ከክንፉ በላይ ከሰካችሁት ብዙ አትንቀሳቀስም። ሁለተኛው፣ በሌላ አውሮፕላን ወደ ሰማይ ወጥታችሁ ያንን ቦታ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ግላይደሩን ከዚያ ማስጀመር። ይህ ሰነፍ መንገድ ነው፣ እኔም የምጠቀመው እሱን ነው። ማረፍ ለመለማመድ በደቂቃ ውስጥ አሥር ጊዜ ትሞክራላችሁ።

ከየት ትለቁ? ሰው ሁሉ ሩቅ ለመንሸራተት ይሞክራል። ሐምሌ 1943 ሲሲሊ ላይ ከባሕሩ ዳር ርቀው የተለቀቁ ከ60 በላይ ግላይደሮች ባሕር ውስጥ ወድቀዋል፣ ብዙ ወታደር ሰጠመ። በጨዋታው ቢያንስ ውሃው ቀዝቃዛ አይደለም። ግላይደራችሁ 1,000 ሜትር ሲወርድ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ አንዴ ለኩት፣ ባዶውንም ሙሉውንም። ከዚያ ከዚያ ርቀት ግማሹ ላይ ልቀቁ። የተረፈውን ከፍታ በፍላፕ ትጨርሱታላችሁ፤ የጎደለውን ግን ከየትም አታመጡትም።

አንዳንዱ የድራጉን (አየሩ ወደ ኋላ የሚይዝበትን ኃይል) ቁጥር ዜሮ አድርጎ ርቀቱን ይገዛል። እኔ አላደርገውም። እነዚህ ነገሮች ሳጥን ናቸው፤ ሳጥን ደግሞ መውረድ አለበት። ድራጉን ካጠፋችሁት ለማረፍ ስትሞክሩ አልወርድ ብሎ ማሳው ላይ እየተንሳፈፈ ያልፋል። ክብደቱን ግን ቀንሱ፤ የጨዋታው ብሎክ ከሸራና ከኮምፔንሳቶ በጣም ይከብዳል፣ ሳትቀንሱ ዋኮ 41 ላይ አይገባም። ለዋናው ክንፍ ሥሩ ጠፍጣፋ የሆነውን ቅርጽ ምረጡ፣ ለጭራው ሁለቱ ጎኖቹ እኩል የሆኑትን።

እንግዲህ የትኛው?

ቅዳሜና እሁድ ብቻ ያለው፣ ዲኤፍኤስ። ጂፕ ማውረድ የሚፈልግና ትዕግሥት ያለው፣ ዋኮ። ፎቶ ማንሳት የሚወድ፣ ሆርሳ፤ ግን ጭራው ላይ ዲታቸር ያለው ይሁን፣ የጎኑን በር ዝም ብላችሁ በቀለም ሳሉት። ከዚህ በፊት ሁለት ሦስት አውሮፕላን ሠርቶ የተሳካለት፣ ጊጋንትን ሳይሆን ሃሚልካርን።

ከሁሉም በፊት ግን ጂፑን ወይም ታንኩን ሥሩ። ባዶ ማሳያው ላይ አስቀምጡት። ከዚያ ወለሉን ከሥሩ፣ ግድግዳውን በዙሪያው፣ በሩን ከፊቱ፣ መጨረሻ ላይ ክንፉን። እኔ አሁን ሃሚልካሬን እንደዚያ ነው የሠራሁት። ትናንት ማታ አንድ በቆሎ ማሳ የመሰለ ሜዳ ላይ ደርሼ ፒስተኑን ስጫነው ተንበረከከ፣ አፍንጫው ወደ ቀኝ ተከፈተ፣ ዲታቸሩ ታንኩን ለቀቀው። ታንኩ ሁለት ሜትር ተንሸራትቶ መወጣጫው ላይ ቆመ። ሰንሰለቱን ገና አልሠራሁለትም።